ከዝርዝሩ የቀረው መኪና

ቬስተሮስ፣ ስዊድን
ሴፕቴምበር 12፣ 1996

ይድረስ ለወይዘሮ ሄልቪ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልሱን ያዘገየሁት በንቀት እንዳይመስልዎ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጄ ራይሊ «አንተ በቃልህ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ ከአገር ቤት ለመጣ ደብዳቤ በሰው እጅ መመለስ ግን ነውር መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ፊደሉ ቢወላገድ ይታገሡኝ። ከዚህ በቀር ደህና ነኝ። ሰባ ሦስት ዓመት ሞላኝ። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከመስኮቴ ሥር የመኪና ማቆሚያ አለ። ጡረታ የወጣ መካኒክ ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

የመንደሩ ማኅበር መጽሐፍ ሊያሳትም መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ጋራዡ በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ እጽፋቸው የነበሩትን የመኪና ቅጽል ስሞች አስታውስ እንደሆነ ጠይቀውኛል። እንዴት እረሳለሁ! ኩይሪላምፒ ውስጥ መኪናውን በፋብሪካ ስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ነገሩ የተጀመረው የቄሱ የጀርመን መኪና ጢሱ እንደ ኮመጠጠ ጎመን ሲሸተኝ ነው። ሰሌዳው ላይ «የዛሬ ምግብ፦ ጎመን፣ ከአዲስ ካንዴላ ጋር» ብዬ ጻፍሁ። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ሥጋ የለውም እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ።

እነሆ ዝርዝሩ። የባለሱቁ የቪልያሚ የስዊድን መኪና ክብ ስለነበረ «የሥጋ ድቡልቡል» ተባለ። የአስተማሪዋ የፈረንሳይ መኪና «ቀንድ አውጣ» ነው፤ ፈረንሳዮች ቀንድ አውጣ እንደሚበሉ የነገረችን እሷው ነበረች፣ ዳገት ላይ ደግሞ አካሄዱም ያው ነበር። የጣሊያኑ «መኮሮኒ»፤ ክዳኑን ሲከፍቱት ሽቦው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። የሶቪየቱ «የቀይ ሥር ሾርባ»፤ ዘይቱ የሚንጠባጠብበት ቦታ ሁሉ ይቀላ ነበር። የእንግሊዙ «ብስኩት»፤ ዝገቱን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ሰዎች መኪናቸው ሳይበላሽ ሰሌዳውን ለማንበብ ብቻ ይመጡ ነበር። «ታውኖ፣ ዛሬ ምን ተሠርቷል?» ይላሉ። እኔም «የተራበ ይግባ!» እላለሁ።

ይኸው ነው። ሌላ የማስታውሰው የለም።

ጋራዡ ዛሬም ቆሟል ወይ? ልጅዎ ማርኬታስ እንዴት ናት?

አክባሪዎ፣
ታውኖ ኪቪኒየሚ


ኩይሪላምፒ፣ ፊንላንድ
ኦክቶበር 1፣ 1996

ይድረስ ለጋሽ ታውኖ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ እጅዎ አይጨነቁ፤ የኔ ዓይን ደግሞ ደክሟል፣ ተቻችለን እናነባለን።

ደብዳቤዎን ኮሚቴው ፊት ሳነበው ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ቪልያሚ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። «የሥጋ ድቡልቡል» ስል ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ እሱም አንሥቶ መልሶ እያስገባ መሳቁን ቀጠለ። ዝርዝሩ እንዳለ እንዲታተም ተወስኗል።

ጋራዡ ቆሟል። ባዳ ሰው ገዝቶ የጀልባ ማስቀመጫ አድርጎታል። የሐይቁ የመኪና ማሻገሪያ ጀልባ ግን የለም። በሰማንያ አራት ድልድይ ተሠራልን፤ ማሻገሪያውን ይነዳ የነበረው ሳንቴሪም ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ሞተ። ማርኬታ ኦውሉ ከተማ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ወደ ቤት ግን አትመጣም። ያንን ውሃ መሻገር አትወድም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዝርዝርዎን ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት፤ ስድስት መኪና ነው። ሰባተኛ ነበረ፣ ጋሽ ታውኖ። በመንደራችን የመጀመሪያው የጃፓን መኪና፣ ቢጫው፣ የቆመው እኔ ግቢ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ኦይቫ ከበረት ወደ በረት እየዞረ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅልበት። እሱን ብቻ ስም ሳያወጡለት ቀሩ?

የምጠይቅዎ ለመጽሐፉ አይደለም።

ሄልቪ ራውታላ


ቬስተሮስ
ኦክቶበር 19፣ 1996

ይድረስ ለወይዘሮ ሄልቪ፣

ስሙ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። «የሩዝ ሳህን» ነበር። የተከፋበት እንዳይመስልዎ፤ ኦይቫ ራሱ ይወደው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጋራዡ ፊት አቁሞት ሲወርድ «እሺ፣ መኪናዬን ሩዝ በለው። እኔንስ ምን ልትለኝ ነው?» አለኝ። «አንተማ የወረዳው ኮርማ ነህ!» አልሁት። ጋራዡ ሁሉ አውካካ። እሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። በመንደራችን በራሱ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ደብዳቤዎ በሰባ ስድስት ለምን ሳልሰናበት ድንገት እንደሄድሁም ጠይቀውኝ ነበር። ያን ጊዜ ስንቱ ፊንላንዳዊ ወደዚህ ሄደ፤ ፋብሪካው ሰው ይፈልግ ነበር፣ እኔም ሄድሁ። በዚህ ይለፉልኝ።

ጤናዬ እንደነበረ ነው። ምግብ ግን ከብዶኛል። ራይሊ ሩዝ የቀቀለች ቀን እንፋሎቱ ሲሸተኝ ከማዕድ እነሣለሁ። መጀመሪያ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። አሁን ሩዝ አትቀቅልም፤ ግን ከጎረቤት ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ቢጫ መኪና መጥቶ መስኮቴ ሥር ቆመ። አሮጌ ነው፤ የዚያው ዓይነት። ባለቤቱን አላየሁትም። ከሰዓት በኋላ ወርጄ ዙሪያውን ዞርሁት፤ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። ራይሊ ከመስኮቱ «አባባ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ።

ነገ ኦክቶበር ሃያ ነው፤ ኦይቫ ያረፈበት ቀን። ሻማ አበራለሁ፤ እርስዎም እንደሚያበሩ አውቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ታውኖ


ኩይሪላምፒ
ኖቬምበር 10፣ 1996

ይድረስ ለጋሽ ታውኖ፣

ፖስትካርድዎ ደረሰኝ። «ያን ሳምንት ምን ያህል ያስታውሱታል?» ይላል፣ ሌላ የለበትም። ሁሉንም አስታውሳለሁ። ለማንም አውርቼው ስለማላውቅ አላለቀብኝም።

ሐሙስ ማታ ኦይቫ ራት ላይ እየሳቀ ገባ። «ታውኖ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እኛ ቤት ሩዝ አይቀቀልም፣ ወደ ቶኪዮ ውሰደው!›» አለና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ማርኬታም ሳቀች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ «ሰኞ ሰው ሳይኖር ተመልሼ እሄዳለሁ» አለ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ ለማርኬታ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ሊገዛላት ከተማ ሊወስዳት ቃል ገብቶ ነበር። ጠዋት ከሐይቁ ማዶ ከአንድ እርሻ ተደወለ፤ ላሟ የምትዳቀልበት ቀን ደርሷል። ቆቡን አነሣ። ማርኬታ አለቀሰች። እኔም «እዚያው ከላሞችህ ጋር እደር፤ እዚህ የሚናፍቅህ የለም» አልሁት። በሩን ጠርቅሞ እንኳ አልሄደም። ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጬ የጫካ ፍሬ ስለቅም ከማዶ ክላክስ ሰማሁ። ረጅም ነው፤ አይቋረጥም። ማሻገሪያው እንዲመጣለት የሚጠራ መሰለኝ። «ይጠብቅ!» አልሁ። ይህንን ጮክ ብዬ ነው ያልሁት፣ ጋሽ ታውኖ።

ሳንቴሪ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ያውቁታል። ማሻገሪያው ወደኛ ዳርቻ መጥቶ ነበር፤ እሱ ቆሞ ሲያይ መኪናው ክላክሱን እየነፋ ቁልቁለቱን መጣ፣ ሳይቀንስ ውሃው ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ደግሞ መኪናውን የመረመረው ሰው ወረቀት አለ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ሳላየውም በቃሌ እወጣዋለሁ። «በመኪናው ላይ ጉድለት አልተገኘም። ታውኖ ኪቪኒየሚ፣ መካኒክ።» የፖሊስ አዛዡ ወረቀቱን ሰጥቶኝ «ሰውየው አልጠጣም፤ መኪናው ጤነኛ ነው። ከዚህ በላይ ባልናገር ይሻላል፣ ወይዘሮ» አለኝ። ባይናገርም ሁሉም ገባው። ቄሱ በቀብሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማርኬታን ትምህርት ቤት አንዷ «አባትሽ ሆን ብሎ ነው አሉ» አለቻት። መጥታ ጠየቀችኝ። ምን ልመልስላት? ጠዋት ያልሁትን እሷም ሰምታለች።

እነሆ ሃያ ሦስት ዓመት። ባሌን የገደልሁት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነው የኖርሁት። ልጄም ታምናለች፤ ተናግራው ግን አታውቅም። ድልድይ ከተሠራ ወዲህ እዚያ ቆሞ ክላክስ የሚነፋ የለም። እኔ እሰማዋለሁ። ነፋስ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ። አንዳንዴ እጄን አድርቄ በሩን እከፍታለሁ።

እንግዲህ የጠየቁኝን መለስሁ። አሁን ተራዬ ነው። ኦይቫ ለመሳቅ ብቻ ብሎ ጋራዥ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ኦይቫ እርስዎ ዘንድ የመጣው ምን ሊል ነው?

ሄልቪ


ኩይሪላምፒ
ዲሴምበር 17፣ 1996

ለጋሽ ታውኖ፣

መልካም ገና። ራይሊ ስልክ ስደውል «ደህና ነው፣ ከመስኮቱ አይነሣም እንጂ» አለችኝ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ደርሶዎታል።

እየጠበቅሁ ነው።

ሄልቪ


ቬስተሮስ
ጃንዋሪ 6፣ 1997

ይድረስ ለወይዘሮ ሄልቪ፣

የፍሬን ነገር ነው የመጣው።

ይህንን መስመር ለመጻፍ ስምንት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳላቋርጥ እጽፈዋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አግዳሚው ላይ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ቪልያሚም አንዱ ነው። ኦይቫ ገባ፣ ቆቡን አወለቀ። «ታውኖ፣ ፍሬኑን ስረግጠው ወደ ታች ይሰምጥብኛል። ሁለት ሦስቴ ካልረገጥሁት አይዝም» አለኝ። እኔ አግዳሚውን አየሁ። «እኛ ቤት ሩዝ አይቀቀልም፣ ወደ ቶኪዮ ውሰደው!» አልሁ። አውካኩ። አንዱ «በሁለት እንጨት መብላት ይለማመድ ይሆናል!» አለ። እኔም መፍቻዬንና ጠመዝማዤን እንደ እንጨቶቹ ይዤ አየር ላይ እየለቀምሁ በላሁ። ይባስ ብለው አውካኩ። ኦይቫም ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ አልሄደም። ቆቡን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ቀልዱ ሲያልቅ «በል አስገባው» እንድለው ይጠብቅ ነበር። እኔም ልለው ነበር፤ የሚያምነኝ ቢኖር በማልሁ። ግን ተመልካች ነበረኝ። ጠመኔውን አንሥቼ ሰሌዳው ላይ «ሩዝ፦ አልቋል» ብዬ ጻፍሁ። አነበበው። ፈገግ አለ፣ ቆቡን አደረገ፣ ሄደ።

እሑድ መኪናውን በትራክተር ጎትተው አወጡት። የፖሊስ አዛዡ እኔን ጠራኝ፤ ከኔ ሌላ መካኒክ አልነበረም። ከሥሩ ገብቼ ተኛሁ። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ በዝገት ተበልቶ ተበጥሷል። የቀረውን በሁለት ጣቴ ብይዘው ተሰባበረ። የፍሬን ዘይት ጠብታ የለም። ሐሙስ ዕለት ከፍቼው ቢሆን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

አዛዡ ከላይ ሆኖ «እህ፣ ታውኖ? ምን አለ?» አለኝ። የማየው ጫማውን ብቻ ነበር። ከእሱ ጫማ ኋላ የሰዎች ጫማ አለ፤ የአግዳሚው ሰዎች። «ምንም» አልሁ። አንድ ቃል ናት። ወጥቼ እጄን ጠርጌ ፈረምሁ።

በእርስዎ ላይ ምን እንደሚመጣ አላሰብሁም። ላስብ አልፈለግሁም። ወሬው መጥቶ ሲደርስ ደግሞ ጊዜው ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ በየዓመቱ ይበልጥ አለፈ። ሰሌዳውን ሰብሬ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ሦስት ዓመት ከእርስዎ ቤት ትይዩ መኖር ቻልሁ፤ አራተኛውን አልቻልሁም።

አሁን እዚህ ይመጣል። ማቆሚያው ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ከሰዓት በኋላ ይቀመጣል፤ ቆቡን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። አልተቆጣም። ቢቆጣ እኮ ደግ ነበር። ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፤ ቀልዱ እስኪያልቅ። ራይሊ «ማንም የለም እኮ፣ አባባ» ትለኛለች። ማንም እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። እሱ ግን ይጠብቃል።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ታውኖ


ኩይሪላምፒ
ፌብሩዋሪ 2፣ 1997

ታውኖ፣

አነበብሁት። ሦስት ሳምንት እንጨት ስፈልጥ ከረምሁ። ለሁለት ክረምት የሚበቃ ፈልጫለሁ።

ከእንግዲህ «ጋሽ» አልልህም፤ «እርስዎ»ም አልልህም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሥሩ ብቻ አይደለም ያየኸው፤ ውስጡንም አይተሃል። ቱቦው መበጠሱን ነግረኸኛል። ሰው ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ውስጥ ሆኖም ቢሆን፣ ሳንቴሪ እንዳለው ዝም ብሎ ሊወርድ ይችላል። ጠዋት እንደዚያ ተብሎ የወጣ ሰው እጁን አጣጥፎ ሊሰጥ ይችላል። እኔ የማላውቀው እሱን ነው። ሊቆም ፈልጎ ነበር?

እውነቱን ጻፍ። እኔን ለማጽናናት ብለህ አንዲት ቃል ብትጨምር ይታወቀኛል።

ሄልቪ


ቬስተሮስ
ፌብሩዋሪ 11፣ 1997

ወይዘሮ ሄልቪ፣

የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተስቦ ነበር። መኪናውን ለመግፋት ልለቀው ስል አንድ እጅ አልበቃኝም፤ በሁለት እጄ፣ እግሬን ወንበሩ ላይ ደግፌ ነው ያላቀቅሁት። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው። በዚያ ቁልቁለት ማንም አንደኛ አያስገባም፣ ሞተሩ እንዲይዝለት ካልፈለገ በቀር። የፍሬኑ መርገጫ ጎማ ተገልብጦ ተልጧል። መሪው ወደ ግራ፣ ወደ ቁጥቋጦው ተጠምዝዟል። ወደ ማሻገሪያው የሚያወርደው ሳንቃ ግን በዚያ ሰሞን ውርጭ ይይዘው ነበር፤ ጎማው ቆሞም ይንሸራተታል።

ክላክሱን የነፋው ሊሰናበት አይደለም። ሳንቴሪን «ድረስልኝ» እያለው ነበር።

ሊቆም ፈልጎ ነበር። ባለ በሌለ ኃይሉ። ይህንን ሁሉ አይቼ ነው «ምንም» ያልሁት።

የጨመርሁት ቃል የለም። ለፖሊስ ልጻፍ ወይ? ራይሊ ሁሉንም አውቃለች፤ ደብዳቤውን ልትወስድልኝ ዝግጁ ናት።

ታውኖ


ኩይሪላምፒ
ማርች 20፣ 1997

ታውኖ፣

ለፖሊስ አትጻፍ። የዚያን ጊዜው አዛዥ ሞቷል፤ የዛሬዎቹ ወረቀትህን ተቀብለው ፋይል ውስጥ ይከቱታል። ወሬው የተወራው በአፍ ነው። በአፍህ መልሰው።

መጽሐፉ ታትሟል። ሜይ 24 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ይመረቃል። ገጽ አሥራ አራት ላይ ስሞችህ አሉ፤ ልጆቹ ከአሁኑ በቃላቸው ይዘው በየመንገዱ ይሳሳቁበታል። በፕሮግራሙ ላይ «የቅጽል ስሞቹ አባት ትዝታቸውን ያካፍላሉ» ብዬ አጽፌአለሁ። ሰው ሊስቅ ይመጣል። አንተም ትነግራቸዋለህ።

ልብህ እንደደከመ፣ ሐኪሙ መርከብ እንደከለከለህ ራይሊ ነግራኛለች። አልፈርድብህም፤ ግን አልለውጠውም። ለማርኬታ በስልክ ነግሬአታለሁ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልሁ። «አለሁ» አለችኝ። ትመጣለች።

ሄልቪ


ኩይሪላምፒ
ጁን 15፣ 1997

ታውኖ፣

በራይሊ በኩል የላክሃቸው ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ባልመልስልህ ደስ ባለኝ፤ ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥተሃል።

አንደኛ፣ ከአዳራሹ ከወጣህ በኋላ ምን እንደሆነ። ምንም አልሆነም። አንተ መናገር ስትጀምር «ሩዝ አይቀቀልም» ያልህበት ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ አይተሃቸዋል። ከዚያ ፊታቸው ሲለወጥም አይተሃል። ራይሊና ማርኬታ ደግፈውህ ስትወጣ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። የተቆረሰውን ኬክ የነካው የለም። የቄሱ ልጅ ተነሥታ መስኮት ከፈተች። ከዚያ ሰው አንድ በአንድ፣ እኔን ሳያይ፣ ወጣ። ሃያ ሦስት ዓመት አዝነውልኝ ነው የኖሩት፤ አሁን በምን ዓይን እንደሚያዩኝ አላወቁበትም።

በነጋታው ቪልያሚ ደጃፌ ላይ ቆመ። በከዘራው እየተደገፈ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቷል።

«እኔም እዚያ ነበርሁ» አለኝ። «‹ፍሬን› ሲል ሰምቻለሁ። አምስታችንም ሰምተናል።»

«ወረቀቱ ሲነበብስ?»

«ያን ጊዜም ነበርሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ታውኖ መካኒክ ነው፣ እሱ ያውቃል አልሁ። ሌሎቹም እንደዚያው ሳይሉ አልቀሩም።» ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ። «ሄልቪ፣ ከሱቄ ዕቃ ስትገዢ ስንት ዓመት ዓይንሽን ሳላይ ዕቃሽን ጠቀለልሁልሽ!»

ወንበር አወጣሁለት። ወደ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያርፍ ቆየና ሄደ። ስለዚህ ያን ነገር ብቻህን የተሸከምኸው መስሎህ ከሆነ አይደለም። አምስት ሰው ከአንተ ጋር ተሸክሞት ኖሯል፤ እርስ በርሳችሁ አልተነጋገራችሁም እንጂ።

ሁለተኛ፣ ማርኬታ። ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች። የመጣች ዕለት አውቶቡሱን ከድልድዩ ወዲያ አስቁማ ወረደች፤ ሻንጣዋን ይዛ በእግሯ ተሻገረች። እኔ ከዚህ ሆኜ አየኋት፤ መሐሉ ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ ቆየች። ልሂድ ብዬ ነበር፤ ተውሁት። አንተን ከሸኘች በኋላ ደግሞ ወደ አሮጌው መውረጃ ወሰደችኝ። ሳንቃው በስብሷል፤ ሣር በቅሎበታል።

«ወደ ቤት እየመጣ ነበር» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሊቆም ፈልጎ ነበር።»

«አዎ።»

ከዚያ እዚያው፣ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጥንና ያን ጠዋት ያልሁትን አነሣሁላት። ያን ቃል በመካከላችን ደግመነው አናውቅም ነበር። «እዚህ የሚናፍቅህ የለም ብዬዋለሁ፤ ሰምተሻል» አልኋት። ማርኬታ አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች፣ ልክ እንደ ልጅነቷ። «እማዬ፣ ባልና ሚስት እኮ እንደዚህ ይባባላል» አለችኝ። «ማታ ሲገናኝ ደግሞ ይታረቃል። ማታ ነው የቀረባችሁ።»

ክላክሱን ዛሬም እሰማዋለሁ። ይቆማል ብዬ ነበር፤ አልቆመም። ከሰማሁ ግን አሁን ቆሜ አዳምጠዋለሁ። በሩን አልከፍትም።

ሦስተኛው ይቅርታ ነው፤ ከዚያም ልትጽፍልኝ እንድፈቅድልህ። ይቅርታውን ፈለግሁት፣ ታውኖ። በእውነት ነው የምልህ፣ ተቀምጬ ፈለግሁት። አላገኘሁትም። እንዳይከፋህ ብዬ አለኝ ብልህ እኔም ሐሰተኛ ወረቀት መፈረሜ ነው። ከእንግዲህም አትጻፍልኝ። እኔና አንተ የምንባባለው አልቋል።

የሞትህ ዕለት ግን ራይሊ ትጻፍልኝ። በወሬ መስማት አልፈልግም።

ሄልቪ